ለወጣቶች ሥራ የሚሰጥ የእርዳታ ገንዘብና የእኛ ኃላፊነት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ስድስት ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነን ነው። የሚያነበው አንዳችን ይሁን እንጂ ቃሉ የስድስታችንም ነው፤ ጥፋት ቢገኝበትም ጥፋቱ የስድስታችን ነው።

እንደምታውቁት በመጪው ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ በድምፅ ይወስናል። ሐሳቡም ማኅበራችን በየዓመቱ ከአባሎች ከሚሰበስበው መዋጮ አንድ አሥረኛውን ለይቶ፤ በዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ያሉ ወጣቶች ራሳቸው አቅደው ለሚመሩት ትንንሽ ሥራ እንዲሰጥ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረብነው እኛ ስለ ሆንን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የምናውቀውን ሁሉ፤ የራሳችንንም ስሕተት ጨምረን ልንነግራችሁ ይገባናል።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ዓይነት እንነጋገር። ለወጣቶች ገንዘብ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ብድርን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት ሲሆን፤ ገንዘቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል እየወጣ በአነስተኛ የብድርና የቁጠባ ተቋሞች አማካይነት ተደራጅተው ለሚቀርቡ ወጣቶች እንዲበደር ነበር የታሰበው። ተዘዋዋሪ የተባለበትም ምክንያት አንዱ የተበደረውን ሲመልስ ለሌላው እንዲተላለፍ ስለ ታሰበ ነው። ዶሮ ለሚያረባ፤ ብሎኬት ለሚያመርት፤ ልብስ ለሚሰፋ ወጣት ብድር ተገቢ ነው፤ ሽጦ ይመልሳልና።

ነገር ግን በሰፈር ውስጥ የማይሸጥ ሥራም አለ። የማንበቢያ ቤት የሚሸጠው ነገር የለውም። የተዘጋ ቦይ የሚጠርጉ ልጆች ጎርፉ ቤት ስላልገባ ከማን ሒሳብ ይጠይቃሉ? ለማየት የተሳናት እኅታቸው ትምህርት ቤት ድረስ በደኅና እንድትሄድ መንገዱን የሚያስተካክሉ ወጣቶች ከየትኛው ትርፍ ብድር ይከፍላሉ? እንዲህ ያለው ሥራ የሁሉም ስለ ሆነ ገንዘቡም ከሁሉ የተዋጣ መሆን አለበት። የእርዳታ ገንዘብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በብድርና በእርዳታ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ካላስተዋልን ብድር ጠይቀን የማይመለስ ሥራ እንጀምራለን፤ ወይም ሊሸጥ የሚችለውን ሥራ በምጽዋት እናበላሻለን።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ።

እንደምታስታውሱት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ፤ ከተፈተኑት ሁሉ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለውም ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። ይህን ስንሰማ ከግቢያችን አጥር ማዶ ያሉት ልጆች ትዝ አሉን። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ሆነው ይኖራሉ፤ በዚያው ክፍል እንጀራ ይጋገራል፤ ቴሌቪዥን ይታያል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ስለዚህ ስድስታችን ተሰብስበን አንድ የማንበቢያ ቤት እንክፈት አልን። ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅተን የወጣቶችን ሥራ ለሚረዳ አንድ ድርጅት አቀረብን። ድርጅቱም ከብዙ ወራት በኋላ 60 ሺህ ብር ፈቀደልን። ደስታችንን መግለጽ ያዳግታል።

ገንዘቡ እጃችን የገባው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ተገዝቶ፤ ደረሰኙ ተሰብስቦ፤ ሪፖርቱ ተጽፎ ማለቅ አለበት ተባልን። እናንተም እንደምታውቁት በዚያን ጊዜ እኛ ፈተና ላይ ነን። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ማምጣት ነበረብን። ከሰፈሩ ያለው አናጢ ጠረጴዛውንና አግዳሚውን በጥሩ እንጨትና በርካሽ ዋጋ ሊሠራልን ፈቃደኛ ነበር፤ ግን የታክስ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ካለ ትልቅ መደብር በውድ ዋጋ ገዛን። የሰፈሩ ገንዘብ እንዲሆን የታሰበው በሰፈሩ ሳያድር አለፈ።

ሒሳቡን እንደ ወረደ እንነግራችኋለን። ለጠረጴዛና ለአግዳሚ 31 ሺህ ብር፤ ለመጻሕፍት 17 ሺህ 500 ብር፤ ለሰሌዳና ለምረቃው በዓል 8 ሺህ ብር፤ ለማጓጓዣ 3 ሺህ 500 ብር ወጣ። ድምሩ 60 ሺህ ብር ነው። አንድ ብር አልጠፋም። ሰኔ 27 ቀን ቤቱን በጭብጨባ ከፈትን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዳቦ ተቆረሰ። ሰኔ 30 ቀን ሥራው በሚገባ መፈጸሙን የሚገልጽ ሪፖርት ጽፈን ሰጠን። ሪፖርቱን የጻፍነው ቤቱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን መሆኑን ልብ በሉልን። ከዚያም ለክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራችን ሄድን። ድርጅቱም የምስጋና ደብዳቤ ላከልን።

በጥቅምት ተመልሰን ስንሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የመብራቱ ቆጣሪ ካርዱ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚሞላበት ገንዘብ በበጀታችን ውስጥ አልነበረም። ዘበኛ ስላልተቀጠረ መጻሕፍቱ እንዳይሰረቁ ተብሎ ቤቱ ከነሐሴ ጀምሮ ተዘግቷል። ከሰሌዳው በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረም።

በዚያ ቀን በር ላይ ያገኘናት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። «እኛን እኮ ማንም አልጠየቀንም» አለችን። «ብትጠይቁን ኖሮ መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ተውሰን እናመጣለን፤ የቸገረን መብራትና ጸጥታ ነው እንላችሁ ነበር።»

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ በጽሑፋችን ላይ ሥራውን «በወጣቶች የሚመራ» ብለነው ነበር። እውነት ነው፤ እኛም ወጣቶች ነን። ነገር ግን ቤቱ የተሠራው ለእነርሱ ሆኖ ሳለ ያቀድነው እኛ፤ የገዛነው እኛ፤ የመረቅነውም እኛ ነን። እነርሱ የተጠሩት አግዳሚውን ከመኪና ለማውረድና ለማጨብጨብ ብቻ ነበር።

ይህ አሠራር በአገራችን እንግዳ አይደለም። የተማሪውን ታሪክ ወደ ኋላ ብንመለከት ወጣቱ በክንዱ እንጂ በሐሳቡ እንዲሠራ የተጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፤ የሚበዙትም በመምህርነት፤ አገልግለዋል። ብዙ ልጆችን አስተምረዋል፤ አገራቸውንም በዓይናቸው አይተዋል። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ያን ሁሉ ድካም አናቃልልም። ሆኖም የሚሄዱበትንም ሆነ የሚሠሩትን የወሰነላቸው ሌላ ነበር። እኛ ዛሬ ስለዚያ ስናነብ «ለምን ተማሪውን አላማከሩትም?» እያልን እንተቻለን። የሚያሳፍረው ግን እኛ ራሳችን 60 ሺህ ብር ብቻ ይዘን በአጥራችን ማዶ ያደረግነው ያንኑ መሆኑ ነው።

ሌላው ዓለምስ እንዴት አደረገ ብለን ጠይቀን ነበር። በአሜሪካ አገር የቦስተን ከተማ በ2006 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2014) ከከተማው በጀት 1 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ በምን ላይ እንደሚውል ወጣቶች እንዲወስኑ ፈቀደ። ድምፅ የሚሰጡት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 የሆኑ ነበሩ። ወጣቶቹም ሐሳብ ሰበሰቡ፤ ዋጋውን ከከተማው ሠራተኞች ጋር አሰሉ፤ ከዚያም ድምፅ ሰጡ። ከመረጧቸውም ሥራዎች መካከል የመናፈሻና የሕፃናት መጫወቻ ማሻሻያ፤ የእግረኛ መንገድ ጥገናና ለትምህርት ቤቶች የሚውሉ ኮምፒዩተሮች ይገኙባቸዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ገንዘብ ያባክናል ብለው አልፈሩም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከቋሚ ሥራ በጀት የወጣ ስለ ነበረ የሚውለው ለሚቆም ነገር ብቻ ነበር፤ ለዕለት ማስኬጃ አልነበረም። ሀብታም ከተማ ይህን ይችለዋል፤ አምፖሉን የሚለውጥ ሌላ ክፍል አለው። እኛ ዘንድ ግን አምፖሉን የሚለውጠው ከሌለ ቤቱ ይዘጋል።

የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ፕሮግራም የሆነው ሀቢታትም በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ ለከተማ ወጣቶች ማኅበሮች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ለአንድ ሥራ እስከ 25 ሺህ ዶላር የሚፈቅድ ሲሆን፤ ሥራውን የሚመሩት ከ15 እስከ 32 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ራሳቸው እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። የእኛም አገር የወጣቶች ፖሊሲ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፤ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ሆኖም በሕጋችን ሰው ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ18 ዓመቱ ስለ ሆነ የ16 ዓመት ልጅ ለአቅመ ፊርማ አልደረሰም። ይህ ችግር ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። የሚፈርመው ትልቅ ሰው ይሁን፤ የሚወስኑት ግን ልጆቹ ይሁኑ።

ይህንንም ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእድር ነው። ቤቱ ተዘግቶ ባገኘነው ጊዜ አፍረን ወደ ሰፈሩ እድር ዳኛ ሄድን። እርሳቸውም ከሰሙን በኋላ፤ «ልጆቼ፤ ድንኳንና ድስት የምናስቀምጥበት ቤት አለን፤ ዘበኛም አለን፤ መብራቱም ይበራል። ሐዘን በሌለበት ማታ ለምን አትጠቀሙበትም? ቁልፉን ግን ለእናንተ አልሰጥም፤ ለሰፈሩ ልጆች ነው የምሰጠው፤ እናንተ ክረምት ሲገባ ትሄዳላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ልጆቹም አምስት ሆነው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ያች በር ላይ የነቀፈችን ልጅ ጸሐፊ ሆነች። አግዳሚውን ወደ እድሩ ቤት አዛወሩ። ለመብራት ካርድ በየወሩ ጥቂት ብር ያዋጣሉ፤ ወጪውን በአንድ ደብተር ጽፈው በግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል። ማታ ማታ ሠላሳና ከዚያ በላይ ልጆች ያነባሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ሥራ ሒሳብና ፊዚክስ ሲከብዳቸው ማስረዳት ብቻ ሆኗል። የተጠየቅነውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት ለቅዳሜው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጠያቂዎቹ ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆኑ የአካባቢው ወጣቶች ይሁኑ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በእጅ ቢጻፍም ይቅረብ፤ በሚችሉት ቋንቋ ይጻፍ። አሳምሮ መጻፍ የሚችል ሁሉ አሳምሮ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ለዚህም እኛ ምስክሮች ነን።

ሁለተኛ፤ ለአንድ ሥራ የሚሰጠው ከ10 ሺህ ብር አይብለጥ። ከእያንዳንዱም ቢያንስ 3 ሺህ ብሩ ለማስኬጃ ይቆይ፤ ለመብራት፤ ለጥገናና ለጥበቃ ማለት ነው። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ይከፈል፤ ሁለተኛውም የሚከፈለው ሥራው ሲሠራ በዓይን ታይቶ ነው።

ሦስተኛ፤ ገንዘቡ የራሳችን መዋጮ ስለ ሆነ የማስረጃውን ደንብ የምናወጣው እኛ ነን። ስለዚህ ሕግ እስከ ፈቀደ ድረስ ሻጩና ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ይበቃል። የሰፈሩ አናጢ ከሰፈሩ ሥራ አይገለል።

አራተኛ፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በሥራው ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዚህም ጋዜጣችን ላይ ይታተም። ያልተሳካውም ሥራ ለምን እንዳልተሳካ ተጽፎ ይውጣ። ያልተሳካለትን ሁሉ እንደ ሌባ ከቆጠርነው እንደ እኛ በሦስተኛው ቀን የድል ሪፖርት የሚጽፍ ይበዛል።

አምስተኛ፤ ማን ገንዘብ እንደሚያገኝ የሚወስነው ኮሚቴ ሰባት አባሎች ይኑሩት። ሦስቱ ከማኅበራችን፤ አራቱ ከአካባቢው ወጣቶች ይመረጡ።

በዚህ በአምስተኛው ላይ ብዙ ጉርምርምታ እንዳለ ሰምተናል። በምግብ አዳራሽም በመኝታ ቤትም «ገንዘቡ የእኛ፤ ድምፁ የእነርሱ እንዴት ይሆናል?» እየተባለ ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለምና በግልጽ እንመልስ።

ገንዘቡ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። አባሎቻችን 4 ሺህ ያህል ነን፤ በዓመት 100 ብር እናዋጣለን፤ በጠቅላላው 400 ሺህ ብር ማለት ነው። አንድ አሥረኛው 40 ሺህ ብር ይሆናል። ለእያንዳንዳችን ሲካፈል በዓመት 10 ብር ነው፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚበልጥ አይደለም። በዚህ ገንዘብ በዓመት አራት ሥራ ይሠራል። አራቱም ቢከሽፉ ማኅበራችን አይፈርስም። ሁለቱ ቢሳኩ ግን በአጥራችን ማዶ የሕዝብ ገንዘብ ይዞ መምከር፤ መወሰንና ሒሳብ ማሳየት የሚያውቁ ብዙ ልጆች ይገኛሉ። ሦስት ለአራት ቢሆን ግን፤ አብላጫው የእኛ ከሆነ፤ በመጀመሪያው አለመግባባት ላይ እንደ ለመድነው እናሸንፋለን። የሰፈሩ ልጆችም እጅ ለማውጣት ብቻ እንደ ተጠሩ ገብቷቸው ሁለተኛ አይመጡም። እኛ ከበላዮቻችን ዘንድ አስተያየታችን እንዲሰማልን ሁልጊዜ እንጠይቃለን። ለታናናሾቻችን ያልፈቀድነውን ለራሳችን ብንጠይቅ ማን ያምነናል?

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። መንገድ፤ ውሃና ትምህርት ቤት መሥራት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን አንክድም፤ ይህ ትንሽ ገንዘብ መንግሥትን ከግዴታው ነጻ አያወጣም። ዳሩ ግን ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ዓመታት ከኪሳቸው እያዋጡ የአገራቸውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር ሲያቋቁሙ መንግሥት መኖሩን ረስተው አልነበረም። ያዋጣ ሰው ለመጠየቅም አፍ እንዳለው ያውቁ ነበር።

«ገንዘብ ጠብ ያመጣል» ለሚሉት ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። ጠብ የሚያመጣው የተደበቀ ሒሳብ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ደብተር ሲታይ የሚጨቃጨቅ ይኖር ይሆናል፤ ጭቅጭቁ ግን በቁጥር ላይ እንጂ በሐሜት ላይ አይሆንም።

በመጨረሻም ከቅዳሜው ስብሰባ በፊት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከእናንተ የሚቻለው ሁሉ ከነገ ጀምሮ በአንዱ ማታ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ፤ ከዋናው በር ወጥቶ እስከ እድሩ ቤት ድረስ ይሂድ። ሩቅ አይደለም፤ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ገብቶ በግድግዳው ላይ ያለውን ደብተር ያንብብ፤ የመብራቱን ወጪና ያዋጡትን ልጆች ስም ይመልከት። ጠያቂ ካገኘም አንድ የሒሳብ ጥያቄ ያስረዳ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የፈለገውን ድምፅ ይስጥ፤ ባይደግፈንም አንቀየመውም።